የጦይባ ጣሪያ

ጦይባ የሞላችው ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። ሰው መሙላቱ በዚያን ጊዜዋ ኮምቦልቻ ብርቅ አልነበረም። ጎረቤት እንደ ወጉ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ «አይዞሽ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ይላል፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ ያወራና ይሄዳል። የሞላ ሰው ዘንድ ብዙ አይወራም። አዲስ ወሬ ይዞ መምጣት ነውር ነው፤ የትውስታ ቦታዋ አልቆ የት ታስቀምጠዋለች?

ባሏን ይመርን የጨነቀው ግን ሌላ ነበር። ሊጠይቅ የመጣው ሰው ሁሉ ብርቱካኑን ለጦይባ ከሰጠ በኋላ ወደ እሱ ዞር ብሎ ያየዋል። የወሎ ሰው ናቸውና አንዳቸውም ክፉ ቃል አይወጣቸውም፤ ዝም ብለው ያዩታል እንጂ። የጦይባን ጣሪያ ያሰላው እሱ ነው። የእነሱንም ያሰላው እሱ ነው። ገበያው ሁሉ «ይመር ጣሪያ» እያለ የሚጠራው ቤት ስለሚከድን አይደለም።

ጎታ የሚባለው ከጆሮ ጀርባ አጥንቱ ላይ የሚሰካ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ማኅደረ ትውስታ ነው። ስሙን ያወጣለት ሕዝቡ ነው፤ አያቶቹ እህል ያስቀምጡበት ከነበረው ዕቃ ወስዶ። ሰርግ ላይ ጎታ ይሰጣል። ሐዘን የደረሰበትን ሰው እድሩ ከድንኳንና ከወንበር ጋር አንድ ባዶ ጎታ ያውሰዋል፤ ለቅሶውን እዚያ አስቀምጦ ሲወጣለት አጽድቶ ይመልሳል። በደንብ ያልጸዳ ጎታ ደርሶት የማያውቃቸውን አጎት ዓመቱን ሙሉ ያለቀሰ ሰው ቦርከና ማዶ ይኖር ነበር። ሰዎች ከብዙ ማባበል በኋላ የተውት በሟች ተዝካር ላይ ከቤተሰቡ በላይ አልቅሶ ስላሳፈራቸው ነው።

ጎታ ለመጨመር መተኛት፣ መጥፋት የለም። ሰው ታክሲ እየጠበቀ እንኳ ሰክቶ ይሄዳል። ቁም ነገሩ ያለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። የመጀመሪያው ጎታ ሲሰካ ጎታዎቹን የሚያዘው የሥርዓተ ክወናው አስኳል ይነሳና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ወደፊት እስከ ስንት ጎታ ይፈልጋሉ? በመልሱ ልክ፣ ገና ላልመጡት ጎታዎች ሁሉ ከወዲሁ አድራሻ ይቆርጥና ማውጫ ይጽፍላቸዋል። የመጨረሻው አድራሻ ጣሪያ ይባላል። ከጣሪያው በላይ የተሰካ ጎታ ይሞቃል፣ መብራቱም ይበራል፣ አእምሮ ግን አይደርስበትም። ቆጥ ላይ እንደተሰቀለ ቋንጣ ማየት ብቻ ነው።

ይህን ስሌት ይመር የጻፈው ገና ወጣት ሳለ ነው። ሙሉው አሥር መስመር አይሞላም፤ ያለውን ቁጠር፣ የሚጨመረውን ጠይቅ፣ የመጨረሻውን አድራሻ ውሰድ፣ ከዚያ በላይ ያለውን እርሳው። ማጠሩና ንጹሕነቱ ተደንቆለት ሽልማት አግኝቶበታል። አንድም እንከን አልነበረበትም። ከሰው የሚጠብቀው፣ ሲጠየቅ እውነቱን እንዲናገር ብቻ ነበር። ኮምቦልቻ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሲጽፍ አንዴ እንኳ አለማመንታቱን ይመር ራሱ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሲገረምበት ኖረ።

ምክንያቱም አገሬው ስንት ትፈልጋለህ ሲባል «ኧረ ይበቃኛል፣ ይሄም በዝቷል» ነው የሚለው። ይህ የወጉ መጀመሪያ እንጂ መልስ አይደለም። ጠያቂው «በሞቴ» ይላል። ተጠያቂው «ወላሂ ጠግቤያለሁ» ይላል። ጠያቂው «አፈር ስሆን» ብሎ ይጨምራል፣ በሦስተኛው ግድም እውነተኛው ፍላጎት ዓይኑን እየሰበረ ብቅ ይላል። አስኳሉ «በሞቴ» አያውቅም። የመጀመሪያዋን «ይበቃኛል» ይሰማል፣ ያመሰግናል፣ ጣሪያውን ይዘጋል። አንድ ከተማ ሙሉ ሕዝብ በገዛ ጨዋነቱ አጎንብሶ የሚኖርበት ጣሪያ ሥር የገባው እንዲህ ሆኖ ነው። ጦይባ በሰርጓ ሰሞን «አራት ይበቃኛል፣ እሱም ከተገኘ» ብላለች። ይመርም በተራው ሲጠየቅ «ይበቃኛል» ብሏል፤ ስሌቱን ጽፎ በጨረሰ በሦስተኛው ወር።

የጦይባን ነገር የከፋ ያደረገው ከእናቷ ማኅፀን ይዛው የመጣችው የራሷ ትውስታ መሳሳት መጀመሩ ነው። ጎታ ውስጥ ያልገባ ነገር አንድ ሌሊት አያድርላትም። አራቱም ጎታዎቿ ጢም ስላሉ፣ ለነገ ቦታ ለማግኘት ከትናንቱ መጣል ግድ ሆነ። ባልና ሚስት ከመግሪብ በኋላ ሳሎን ቁጭ ብለው እንደ ምስር ይለቅማሉ። እሷ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ታወጣለች፣ ምን እንደሆነ ትነግረዋለች፣ ይከራከራሉ፣ ትጥለዋለች። መጀመሪያ ስብሰባዎቹ ሄዱ። ቀጥሎ የጥርስ ሕመሞቿ፣ ከዚያ የጎረቤት ጠብ ሄደ፤ እሱን ስትጥል ግን ትንሽ አዝናለች።

አንድ ምሽት የሐርቡን መንገድ አወጣች። ረውዳ የምትባለውን አንድ ልጃቸውን አዝለው፣ መኪና ተበላሽቶባቸው በእግር የተመለሱበት ቀን ነው። ይመር እሱን አትጣይው፣ እኔ አለሁበት አላት። እሷም ለዚሁ ነው ልጥለው የፈለግኩት፣ መንገዱን ሙሉ ስታማርር ነበርክ አለችው። ሳቁ፣ ሐርቡም ተረፈ። በማግስቱ ምሽት ግን አውጥታ የያዘችው የሚያስቅ አልነበረም።

«ረውዳ አፏን የፈታችበት ነው» አለች። «ሌላ የቀረ የለም፣ ይመር። ሁሉንም አይቻለሁ።»

ይመር ያን ጊዜ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ብልህ ነኝ ብሎ ሲኖር የከረመ ሰው፣ ሚስቱ የልጇን የመጀመሪያ ቃል ለነገ ምሳ ቦታ እንድትለቅ ያደረጋት እሱ መሆኑን ሲያስበው ተመልሶ ገባና ይህን እንዳትጥዪው አላት።

አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ጎታዎቹን ሁሉ አጥፍቶ አስኳሉን እንደገና ማስነሳት። አስኳሉ ሲነሳ ጥያቄውን እንደ አዲስ ይጠይቃል፣ ጣሪያውንም እንደ አዲስ ያሰላል። በጦይባ ዕድሜ ይህ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ነው። መልሱን የምትሰጠው ደግሞ ጎታዎቹ እንደጠፉ ነው፤ ባሏን፣ ልጇን፣ የምትኖርበትን ሰፈር ሳታውቅ፣ ጠባይዋን ብቻ ይዛ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ትንፍሽ ማለት አይችልም። ቀድሞ ልጆች የደከሙ ወላጆቻቸውን እየወተወቱ የፈለጉትን ያስብሏቸው ስለነበር «ጉትጎታ ክልክል ነው» የሚል ሕግ ወጥቶ በየጎታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ይመር ተቀምጦ አሰላ። ማውጫው ራሱ ቦታ ይበላል። ጣሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ማውጫው ይወፍራል፣ የሚወፍረውም ከታች፣ የመጀመሪያውን ጎታ እየበላ ነው። ከታች እንዲጀምር ያደረገው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ጣሪያው አሥራ ሁለት ጎታ ቢሆን ማውጫው የሚበላው የመጀመሪያውን ጎታ ጫፍ፣ ማለትም የሰርጉን ዋዜማ፣ የፀጉር ሥሪያውን፣ ከአክስቶቿ ጋር በጫማ የተደረገውን ጭቅጭቅ ነው። ማንም አያዝንበትም። እስከመጨረሻው ከፍ ቢል ግን የመጀመሪያው ጎታ እንዳለ ይሄዳል። ይመር ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው።

አስኳሉ ቦታ ለመቆጠብ ሲል ሰውን ሁለቴ አይጽፍም። መልኩን፣ ስሙን፣ የማን ምን እንደሆነ መጀመሪያ በተዋወቁበት ጎታ አንዴ ይጽፍና የኋላው ትውስታ ሁሉ ወደዚያ ይጠቁማል። ይህም ብልሃት የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ረውዳ የተጻፈችው ሁለተኛው ጎታ ላይ ስለሆነ አትነካም። ይመር የመጀመሪያው ላይ ነው። ወደ ሌላ ጎታ ይገልበጥ እንዳይባል፣ የተገለበጠ ትውስታ የሌላ ሰው ወሬ ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ መንገዱ ጠባብ ነበር። ጦይባ «ይበቃኛል» ካለች ነገዋ ይጠፋል፤ ከመጠን በላይ ካለች እሱ ይጠፋል። አሥራ ሁለት በይ ብሎ ሊያስጠናት ሞከረ። እሷም ጠፍቼ ሳለሁ ማን አስታውሶኝ ነው አሥራ ሁለት የምለው ብላ ሳቀችበት።

መልሱን መቀየር ካልተቻለ ጥያቄውን መቀየር ነው ብሎ ይመር ኢድ ካለፈ በኋላ የጎታ ጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ዘንድ ቀረበ። መጀመሪያ በሥዕላዊ መግለጫ አስረዳ፣ ሁለቱን አባላት እንቅልፍ ወሰዳቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ሰሃን ቴምር ይዞ ገባና ለሁሉም አንድ ጊዜ ብቻ አዞረው። ሁሉም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይመስገን፣ አሁን ነው የበላነው አሉ። ይመርም መልካም ብሎ ቴምሩን ከነሰሃኑ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው አልሄደም። የሚናገረውም የሚሰማውም ቦርሳውን ነው የሚያየው። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ እቴነሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ገብቶናል፣ አቶ ይመር» አሉ። «አሁን ቴምሩን ያውጡት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሆንም ጥያቄው እንዲቀየር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጥያቄው ውስጥ «በሞቴ» ማስገባት ጉትጎታ ነው ስለተባለ ይመር ሌላ ዘዴ አበጀ። የኛ ሰው እንግዳ ሲሆን እውነቱን አይናገርም፤ ባለቤት ሲሆን ግን ይናገራል። ስለዚህ አዲሱ ጥያቄ እንዲህ ሆነ፦ «እንግዳ ይመጣብዎታል። ለስንት ቦታ ይዘጋጅ?» ይመር ሰፈሩን እየዞረ ሞከረው። አንዱ አሥር አለው፣ አንዱ አሥራ አምስት፣ አንዱ ስምንትም አይበዛም ወይ አለው። አማካዩ ከአሥራ ሁለት ፈቀቅ አላለም። በዚያ ሳምንት ይመር መንገድ ላይ ቀና ብሎ ሲሄድ ታይቷል።

ቀጠሮው ረፋድ ላይ ነበር። ጎታ ቤቱ ውስጥ ከእነሱ ሌላ ዘምዘም የምትባለው ነርስ ብቻ ነበረች። ጦይባ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ የይመርን እጅ ያዘች። እሱ ትልቅ ነገር ትላለች ብሎ ጠበቀ።

«ልብሱን ከገመድ አስገባኸው?» አለችው።

ይመር አስገብቻለሁ አላት። ውሸቱን ነበር። ዘምዘም ጎታዎቹን አጠፋች።

የጦይባ ፊት አልተጨነቀም። እንግዳ አገር እንደገባ ጨዋ ሰው ቀስ ብላ ዙሪያዋን አየች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ የማታውቀው ሽማግሌ እጅ ውስጥ ያገኘችውን እጇን እሱ እንዳያፍር ቀስ ብላ አወጣች። ይመር ያን እጅ ከወጣትነቱ ጀምሮ ይዞት ኖሯል፤ እንዲህ በትህትና ሲለየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የአስኳሉ ድምፅ ጥያቄውን ጠየቀ።

 ጦይባ ስንት ሰው እንደሚመጣ ዘምዘምን ጠየቀቻት፣ ዘምዘም ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን አየች። ሽማግሌውንም ጠየቀችው። አሥራ ሁለት የሚለው ቃል ይመር ምላስ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሕግ ግን ፊት ለፊቱ ነው፣ አንድ ቃል ቢወጣው አስኳሉ ሥራውን አቋርጦ አራቱን ይዞ ይዘጋል።  ጦይባ በሁለቱ ዝምታ ቅር ተሰኘች።

«እንግዳ ተቆጥሮ ነው እንዴ የሚጠራ?» አለች። «በሩን ክፈቱት። ቤቱ እስከቻለ ድረስ ይሁን።»

ድምፁ አመሰገነ። እስከመጨረሻው ብሎ መዘገበ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለዚህ ነው። ይመር ሰፈሩን ሲዞር የጠየቃቸው መስጊድ ደጃፍ የሚቀመጡትን ወንዶች ነበር። ወንዶቹ እንግዳ ሲመጣ የሚያስቡት ወንበር ነው፣ ወንበርም ይቆጠራል። ቤት የያዘች፣ ድስት የምትጥድ አንዲት ሴት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ከሩብ ሰዓት በኋላ ስሌቱን ቀድዶ በጣለው ነበር። በአንድ ሕይወት፣ በአንድ ወግ፣ ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፤ መጀመሪያ እንግዳው እንደሚያፍር ረስቶ፣ ኋላ ባለቤቷ እንደማትቆጥር ረስቶ። መጀመሪያ ሳቁ መጣ። እንባው የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፣ እሱም ብዙ ነበር።

ዘምዘም አዲስ ባዶ ጎታ ጨምራ ሁሉንም ስታበራ ጦይባ እንደ ጠዋት ፀሐይ ፈካች። ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ድሬዳዋ ላለችው ረውዳ ደውላ የትንሹ ልጇ ሳል ተሻለው ወይ ብላ ጠየቀች። ዘምዘም እንደ ደንቡ ትውስታዋን መፈተሽ ጀመረች። ልጅቷ አፏን ስትፈታ ያለችው ቃል አለ። የጎረቤቱ ስም አለ። ዘምዘም ወደ ሐርቡ መንገድ ደረሰች።

«ማን አብሮዎት ነበር፣ እትዬ ጦይባ?»

«አንድ ሰውዬ» አለች። ቅንድቧን ሰብስባ ፈለገች። «እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉም ቦታ አለ እኮ ይሄ ሰውዬ። ረውዳ ስትወለድም በር ላይ ቆሟል። መንገዱን ሙሉ ያማርራል። ግን ልጅቷን ያዘላት እሱ ነው።»

ዘምዘም ባልዎ ነው ልትል አፏን ስትከፍት ይመር በእጁ ከለከላት። በወሬ የተሰጠ ባል ከተገለበጠ ትውስታ አይሻልም። ጦይባ ደግሞ ይሉኝታ ያለባት ሰው ናት፤ ሳታምን ለሰው ደስታ ብላ ታምናለች። ያንን አልፈለገውም። ዘምዘምም ገባትና እስከ ቤት የሚሸኙዎት እሳቸው ናቸው ብቻ አለች።

መንገድ ላይ ጦይባ ስለ ዝናቡ አወራችው። ቤት ሲደርሱ ልብሱ ገመዱ ላይ ርሶ ተንጠልጥሏል፤ ማን ነው ይህን የተወው ብላ ለራሷ አጉረመረመች፣ ይመርም ማን እንደሆነ አይታወቅም አለ። ሸኝቶ ሊመለስ ያሰበ አስመስሎ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የት እንደሚመለስ ግን አያውቅም ነበር።

«ይግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆመዎታል» አለችው።

«እርስዎ» ብላው አታውቅም ነበር። ቢሆንም ገባ። የእንግዳው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ዕድሜውን ሁሉ እንዳትቀመጥበት ሲባል የኖረው ወንበር ነው፤ ምቾቱን አሁን ገና አወቀ። ጦይባ ጓዳ ገብታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሰማ። ባለ አበባ ጠርዙን ሰሃን ይዛ ወጣች፤ ይመር አንዴ እሱ ላይ ድንች ልጦ ሳምንት ሙሉ የተኮረፈበትን። ማሩ መጣ፣ ከማሩ ኋላ እንጀራውና እርጎው መጣ። ባል ሳለ ጠግቤያለሁ ሲል «እንግዲያው ተወው» ብላ ሰሃኑን ታነሳበት ነበር። አሁንም ልማድ ሆኖበት ጠግቤያለሁ አለ።

«በሞቴ» አለችው ጦይባ፣ ጉርሻውን ጠቅልላ ወደ አፉ እየዘረጋች።

ይመር ጎረሰ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይላል አገሬው። መዳብ እስኪሆን የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን ያውቃል፤ ነገር ግን እንዲህ ወርቅ ሆኖ የተቀመጠበትን ቀን አያስታውስም ነበር። አኝኮ እስኪውጥ ጠበቀችው።

«ስምዎን ማን ልበል?» አለች። «ቦታ እንደሁ ሞልቶኛል።»

«ይመር።»

«ይመር» ብላ ደገመችው። እየተጻፈ እንደሆነ ገባው፤ ሰፊ፣ ባዶ፣ አዲስ ቦታ ላይ፣ አንዴ ብቻ። ጦይባ እርጎውን ወደ እሱ እየገፋች እንደ ማንኛዋም ባለቤት ጠየቀች። «ይሰነብታሉ?»

ለዚህ ጥያቄ በወሎ ምድር የታወቀ መልስ አለ። ኧረ አሁን መነሳቴ ነው ይባላል። ባለቤቷ በሞቴ ትላለች፣ እንግዳው ሰው ይጠብቀኛል ይላል፣ ባለቤቷ አፈር ስሆን ትላለች። ይመር ግን ሰዎች ሁሉ በመጀመሪያው መልሳቸው ምን እንዳጡ ያሰላ ሰው ነው።

«አዎ» አለ። «እሰነብታለሁ።»

ጦይባ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ እንግዳ አይታ አታውቅም። ቀና ብላ አየችውና ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ማሩን ወደ እሱ አስጠጋችለት።